«እማ፣ የቪክቶሪያ ዘመን ሰው ትመስያለሽ»

ይህ ደብዳቤ የመጣው ከለንደን ነው። ጸሐፊዋ ስሟ እንዳይወጣ ስለጠየቀች አላወጣሁትም። ረዘም ያለ ስለነበር ፍሬ ነገሩን ብቻ አስቀርቻለሁ።

«ጤና ይስጥልኝ። የ39 ዓመት ሴት ነኝ። ለንደን 11 ዓመት ኖሬያለሁ፤ የምሠራው በአረጋውያን መንከባከቢያ ነው። ባለቤቴ በድንገት ታሞ ካረፈ ስምንት ወሩ ነው። አስከሬኑን አገር ቤት ወስደን ቀበርን። ከቀብር ተመልሼ በሦስተኛው ሳምንት ሥራ ገባሁ። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ከጥቁር ሌላ ለብሼ አላውቅም። አሁን ታናሽ እህቴ ከሁለት ወር በኋላ እዚሁ ልታገባ ነው። አማቴ ይህን ሲሰሙ ደወሉልኝና ‹ዓመት ሳይሞላው ከል አውልቀሽ ሠርግ ከሄድሽ ልጄን ሁለተኛ ቀበርሽው› አሉኝ። የ14 ዓመት ልጄ ደግሞ በዚህ ልብስ ትምህርት ቤቷ እንድመጣ አትፈልግም። ‹እማ፣ የቪክቶሪያ ዘመን ሰው ትመስያለሽ፤ እዚህ አገር እንዲህ የሚያደርግ ሰው የለም› አለችኝ። ስለ አባቷ ግን አንድም ቃል አታወራም። አንድ ሌላ ነገርም አለ። ባለቤቴ በመጨረሻ ለብሶት የነበረውን ሹራብ ሳላጥበው በላስቲክ ጠቅልዬ ቁም ሳጥን ውስጥ አስቀምጫለሁ። አንዳንድ ማታ አውጥቼ አሸተዋለሁ። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ኋላ ቀር ሆኜ ነው? ወይስ አእምሮዬን እየሳትኩ ነው?»

እህቴ፣ እግዚአብሔር ያጥናሽ። ነፍሱን ይማር። ስምንት ወር ሞላው ብዬ ይህን ማለት አልተውም፤ ባሕር ማዶ ሰው ቶሎ ማለት ያቆማልና።

ከልጅሽ ንግግር ልጀምር። ልጅሽ የተናገረችው እውነት አለበት፤ እሷ ግን ምን ያህል እውነት እንደሆነ አታውቅም። «እዚህ አገር እንዲህ የሚያደርግ የለም» ያለችው ስለ ዛሬ ከሆነ ትክክል ነች። ከ120 እና ከ150 ዓመት በፊት ግን በዚያው በለንደን ጎዳና ላይ አንቺን ያየ ሰው ዞር ብሎ አያይሽም ነበር። እንዲያውም አማትሽ ዘመኑን ቢያዩት ኖሮ «እንግሊዞቹስ አብዝተውታል» ይሉ ነበር ብዬ አስባለሁ። እስቲ ልንገርሽ፤ አንቺም ለልጅሽ ትነግሪያታለሽ። ቀናቱና ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ንግሥት ቪክቶሪያ ከ1837 እስከ 1901 ነገሠች። ባሏ ልዑል አልበርት ያረፈው ታኅሣሥ 14 ቀን 1861 ነው። ገና 42 ዓመቱ ነበር፤ ዘጠኝ ልጆች ወልደዋል። ንግሥቲቱ ያን ዕለት የለበሰችውን ጥቁር እስክትሞት ድረስ አላወለቀችም፤ 39 ዓመት መሆኑ ነው። የአልበርት ክፍል እንደነበረ እንዲቆይ አዘዘች። የሞተው ሰውዬ የሚላጭበት ሙቅ ውኃ በየቀኑ ይገባለት ነበር። ልብሱም ይዘረጋለት ነበር።

ስለዚህ ሹራቡን ስለማሽተትሽ አትፈሪ። አላበድሽም። የዓለም ትልቋ ንግሥት ከዚያ የበለጠ አድርጋለች።

የዚያ ዘመን ተራ ሰውም ሞት ለቤቱ ባዕድ አልነበረም። በእንግሊዝ ከሚወለዱ 1000 ሕፃናት ወደ 150 የሚሆኑት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር። ሰው የሚታመመውም፣ የሚሞተውም፣ የሚገነዘውም ቤቱ ነው። ሰው ሲሞት መጋረጃ ይዘጋል። በብዙ ቤት ሰዓቱን ያቆሙታል፣ መስታወቱን በጨርቅ ይሸፍኑታል። ደብዳቤ የሚጻፈው ዳሩ ጥቁር በሆነ ወረቀት ነው፤ ፖስተኛው ገና በር ላይ ሳለ ቤተሰቡ መርዶ መሆኑን ያውቃል። የሟችን ፀጉር ቆርጦ ማስቀመጥ ደግሞ የተለመደ ነበር። በትንሽ የአንገት ጌጥ ውስጥ ይከቱታል፤ ወይ ጎንጉነው አምባርና የደረት ጌጥ ያሠሩታል። ያንቺን ሹራብ ያኔ ብትናገሪ የጎረቤትሽ ሴት አንገቷ ላይ ያለውን ጌጥ ከፍታ የልጇን ፀጉር ታሳይሽ ነበር።

ስለ ፀጉር ካነሣሁ አይቀር አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ ልቤ አይፈቅድልኝም። በ1868 መቅደላ ላይ ከአፄ ቴዎድሮስ አስከሬን የተቆረጠ ፀጉር እንግሊዝ አገር ተወስዶ ነበር። ወደ ኢትዮጵያ የተመለሰው በ2019 ነው። ያ ግን የሀዘን ማስታወሻ አልነበረም፤ ምርኮ ነው። እንዲህ የሚለየው ፀጉሩ የተቆረጠው በማን እጅና በምን ስሜት እንደሆነ ነው። ያንቺ ሹራብ የፍቅር ነው።

አሁን ወደ ልብሱ እንምጣ። የእንግሊዝ ባልቴት የልብስ ወግ ጥብቅ ነበር። ባሏ የሞተባት ሴት ለአንድ ዓመት ከአንድ ቀን ሙሉ ጥቁር ትለብሳለች። ልብሱ ክሬፕ በሚባል ሸካራ ሐር ይሸፈናል። ብርሃን ቢያርፍበት እንኳ አያብረቀርቅም፤ የተፈለገውም ለዚሁ ነው። ዝናብ ሲመታው ይበላሻል፣ ቀለሙም ይለቃል። በዝናባማ አገር እንዲህ ያለ ልብስ ዓመት ሙሉ መልበስ ምን ማለት እንደሆነ አንቺ ታውቂዋለሽ። በዚያ ዓመት ባልቴቷ ግብዣ አትሄድም፣ ጭፈራ ቤት አትገባም። ዓመቱ ሲያልፍ ክሬፑ እየቀነሰ ይሄዳል። ከዚያ ጥቁሩ ተራ ጥቁር ይሆናል። በመጨረሻ ግራጫ፣ ፈዛዛ ወይን ጠጅና ሐምራዊ ይፈቀዳል። ሁሉም ሲደመር ሁለት ዓመት ገደማ፣ ለብዙዎቹም ሁለት ዓመት ተኩል ነው።

ይህ ሁሉ ሲሆን ገበያም ነበረው። ለንደን ሬጀንት ስትሪት ላይ በ1841 የሀዘን ልብስ ብቻ የሚሸጥ ትልቅ መደብር ተከፈተ። ዮርክሻየር ውስጥ በምትገኘው በዊትቢ ከተማ ደግሞ ሰው ከባሕር ዳር ገደል በሚወጣ ጥቁር ድንጋይ የሀዘን ጌጥ እየሠራ ይኖር ነበር። ድንጋዩ ከጥንት ዛፍ የተገኘ ነው። ከአልበርት ሞት በኋላ ፈላጊው በጣም በዛ።

ወንዱስ? ሚስቱ የሞተችበት ወንድ ጥቁር ሱፉን ለብሶ፣ ባርኔጣው ላይ ጥቁር ጨርቅ አስሮ ወደ ሥራው ይሄዳል። ቶሎ ቢያገባም ብዙ አይወቀስም። ይህን የምነግርሽ አማትሽን እንድትቀየሚ አይደለም። ግን አንቺ ሞተሽ ባለቤትሽ ቀርቶ ቢሆን ኖሮ ስለ ጥቁሩ ስንት ሰው ይደውልለት ነበር? ይህን ጥያቄ ለራስሽ ጠይቂው።

ደግሞ ያ ወግ የወጣው ቤቷ መቀመጥ ለምትችል ሴት ነው። ድሃዋ ያለቻትን አንድ ቀሚስ ድስት ውስጥ ጥቁር ነክራ በማግስቱ ሥራ ትገባለች። አንቺም በሦስተኛው ሳምንት የሰው እናት ልታጥቢ ገብተሻል። በዚያ ዘመን ብትኖሪም ወገንሽ ከእነዚህ ሴቶች ነበር። ስለ ድሃ ቀብር ስሰማ ሁሌ እድራችን ትዝ ይለኛል። እነሱም ነበራቸው። በየሳምንቱ አንድ ፔኒ፣ ሁለት ፔኒ የሚዋጣበት የቀብር ማኅበር ነው። ሰው ከዳቦው ቆርሶ ያዋጣ ነበር። ምክንያቱም ገንዘብ ያጣ ሰው በመንግሥት ወጪ ያለ ስም በጋራ ጉድጓድ ይቀበራል። ከ1832 ጀምሮ ደግሞ በድሆች መጠለያ ሞቶ ጠያቂ የሌለው ሰው አስከሬን ለሐኪም ተማሪዎች መማሪያ እንዲሰጥ ሕጉ ፈቀደ። ድሃው ከሞት ይልቅ ይህን ይፈራ ነበር። በ1854 ለንደን ውስጥ ከዋተርሉ ባቡር ጣቢያ አጠገብ ወደ ብሩክዉድ መቃብር የሚወስድ ልዩ ባቡር ሥራ ጀመረ። እዚያም ለሬሳ ሳይቀር አንደኛ፣ ሁለተኛና ሦስተኛ ማዕረግ ነበረው።

እህቴ፣ ከዚህ ሁሉ ውስጥ እኔን በጣም የነካኝ ሌላ ነገር ነው። እነዚያ ሰዎች ብዙ ጥቁር ይለብሱ እንጂ ጮኾ ማልቀስ ነውራቸው ነበር። በባለጸጋው ቤት ሴቶች ቀብር እንዳይሄዱ ይመከር ነበር፤ ራሳቸውን መቆጣጠር ያቅታቸዋል ተብሎ። ቪክቶሪያ ራሷ በአልበርት ቀብር ላይ አልተገኘችም። አፋቸው የተከለከለውን ልብሳቸው ተናገረላቸው። ክሬፑ፣ ጥቁር ዳር ወረቀቱ፣ የፀጉር ጌጡ የእንባ ምትክ ነበር።

የኛ ደግሞ እንዲህ አይደለም። እኛ ድንኳን እንጥላለን። ፍራሽ ላይ እንቀመጣለን። ሙሾ አለ፣ አልቃሽ አለ፣ ደረት መድቃት አለ። ንፍሮው ይቀርባል። ሰው እየገባ «እግዜር ያጥናችሁ» ይላል፤ ምንም የሚለው ቢያጣ እንኳ ዝም ብሎ አጠገብሽ ይቀመጣል። ሠልስቱ አለ፣ አርባው አለ፣ ሙት ዓመቱ አለ። ነጠላው ጥለቱ ወደ ላይ ሆኖ ይደረባል። ከሉ ከነዚህ ሁሉ አንዱ ብቻ ነው። ሸክሙን ብቻውን አይሸከምም።

አንቺ ግን ለንደን ላይ ድንኳኑም ንፍሮውም ቀርቶብሻል። ጎረቤትሽ ማን እንደሞተብሽ አያውቅም። ሥራ ቦታ ‹ደህና ነሽ?› ይሉሻል፣ ደህና ነኝ ትያለሽ። የቀረልሽ ያ ጥቁር ልብስ ብቻ ነው። ሰፈር ሙሉ ሊሸከመው የሚገባውን ሀዘን አንድ ሹራብና አንድ ቀሚስ ተሸክመውታል። የከበደሽም፣ ማውለቁ ያስፈራሽም ለዚህ ይመስለኛል። ኋላ ቀር ስለሆንሽ አይደለም።

እኔም አባቴን ቀብሬ ዓመት ለብሻለሁ። ያወለቅኩ ዕለት ሰማያዊ ቀሚስ ለብሼ ስወጣ እርቃኔን የሆንኩ ያህል ነበር። መንገድ ላይ ሰው ሁሉ «ረሳችው» የሚል መሰለኝ። ማንም ምንም አላለም። ስለዚህ ፍርሃትሽን አውቀዋለሁ።

ስለ ሠርጉ ደግሞ አንድ ታሪክ አለ፤ ካንቺ ጋር ሲገጥም ገርሞኛል። አልበርት በሞተ በሰባተኛው ወር፣ ሐምሌ 1 ቀን 1862፣ ልጁ ልዕልት አሊስ አገባች። አባቷን በመጨረሻ ሕመሙ ያስታመመችው እሷ ናት። ሠርጉ የተደረገው ዋይት ደሴት ላይ ባለው በኦዝቦርን ቤት የምግብ አዳራሽ ውስጥ ነው። ሙሽራዋ ለሥርዓቱ ብቻ ነጭ ለበሰች። ከዚያ በኋላ እንድትለብሳቸው የተሰፉላት ልብሶች ጥቁር ነበሩ። እናትየው ከል ለብሳ፣ ወንዶች ልጆቿ ከሰው ዓይን ከልለዋት ተቀመጠች። በኋላ ራሷ ለትልቋ ልጇ ስትጽፍ ከሠርግ ይልቅ ቀብር ይመስል እንደነበር ገልጻዋለች። አሊስ 19 ዓመቷ ነበር። አባቷንም አጣች፣ የሠርጓን ቀንም አጣች። እኔ ንግሥቲቱን በሀዘኗ አልወቅሳትም፤ በዚያች ቀን ግን ልጇን በደለቻት እላለሁ።

ስለዚህ እህትሽ ሠርግ ላይ ተገኚ። ይህን በግልጽ ነው የምልሽ። ሄደሽም ጥግ ይዘሽ ከል ለብሰሽ አትቀመጪ። ነጭ የሀበሻ ቀሚስ ልበሺ፤ ጥለቱ ደብዘዝ ያለ፣ ጥቁር ወይ ግራጫ ይሁን። ነጭ ለሠርግም ይሆናል፣ በኛ ዘንድ ለሀዘንም እንግዳ አይደለም። ብትፈልጊ በማግስቱ ወደ ጥቁርሽ ተመለሺ። እነዚያ እንግሊዞች አንድ የተሻለ ነገር ነበራቸው፤ ከጥቁር ወደ ደማቅ በአንድ ቀን አይዘሉም። በደረጃ ይወርዳሉ። አንቺም ዓመቱን እስክታደርሺ መጀመሪያ ግራጫ ሻርፕ፣ ቀጥሎ ሌላ ነገር እያልሽ ብትወርጂው ማንንም አትበድዪም። የንስሐ አባት ካለሽ እሳቸውንም አማክሪ፤ የሳቸው ቃል አማትሽ ዘንድ ከኔ ቃል ይልቅ ይሰማል።

አማትሽን በተመለከተ፣ ሴትየዋ ልጃቸውን ቀብረዋል። ያሉት ነገር ከብዷል፤ እኔ ግን ውስጡ ልመና ነው የሰማሁት። «አንቺም ከረሳሽው ማን ያስታውስልኛል?» ማለታቸው ነው። ባሕር ማዶ ሆነሽ ከሉ ብቻ ነው የሚታያቸው። ስለዚህ ሌላ የሚያዩት ነገር ስጫቸው። ለሙት ዓመቱ ምን እንዳሰብሽ አሁኑኑ ንገሪያቸው። ፍትሐቱን፣ ጸበል ጸዲቁን፣ የምትልኪውን ገንዘብ ሳይቀር አብራችሁ ተነጋገሩ። ስለ ሠርጉ ከሌላ ሰው እንዳይሰሙ። ልብሱን ከመግዛትሽ በፊት ደውይላቸውና «እማማ፣ ነጭ ለብሼ ልሄድ ነው፤ ይመርቁኝ» በያቸው። መጀመሪያ ላይ ይቆጡ ይሆናል። ሁለተኛ ደውይ።

አሁን ልጅሽ። ከደብዳቤሽ ውስጥ ያስጨነቀኝ ይህኛው ነው። «ስለ አባቷ አንድም ቃል አታወራም» ብለሻል። እኔ እንደሚመስለኝ ልጅሽ ያፈረችው በልብስሽ አይደለም። አንቺ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ጥቁር ለብሰሽ ስትቆሚ የሷ አባት መሞቱን ለጓደኞቿ ሁሉ ትናገሪያለሽ። እሷ ደግሞ ለመናገር ገና አልተዘጋጀችም ይሆናል። በቪክቶሪያ ዘመን ልጆችም ጥቁር ይለብሱ ነበር፤ ለሕፃን እንኳ ነጭ ቀሚሱ ላይ ጥቁር ጥብጣብ ያስሩለታል። ጥቁሩን ለልጅ አልብሺ እያልኩሽ አይደለም። ግን በዚያ ቤት ልጁም ሀዘንተኛ መሆኑን ሁሉም ያውቅ ነበር። ያንቺ ልጅ አባቷ ሞቶባት፣ ሀዘንተኛ ብሎ የቆጠራት ሰው አለ?

አንድ ቀን፣ እሺ ካለችሽ፣ ባቡር ይዛችሁ ዊንዘር ሂዱ። ቅዱስ ጊዮርጊስ ጸሎት ቤት ውስጥ የልዑል ዓለማየሁ መታሰቢያ አለ። አባቱ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ ሲሞቱ ሰባት ዓመት ሊሞላው ጥቂት ቀርቶት ነበር። እናቱ ከእንግሊዝ ጦር ጋር እየተጓዙ ሳለ መንገድ ላይ አረፉ። ያን ልጅ ወስደው ኦዝቦርን አደረሱት፤ ያቺ አሊስ የተዳረችበት ቤት ነው። የተቀበለችው ሴትዮ ጥቁር ለብሳ ነበር። እሱም ወላጆቹን ያጣው በዚያው ዓመት ነው። በራሱ ቋንቋ አብሮት የሚያለቅስ ግን አልነበረውም። በ1879፣ በ18 ዓመቱ፣ ሊድስ ላይ ሞተ። ቪክቶሪያ በዕለት ማስታወሻዋ በሰው አገር አንድም ዘመድ ሳይኖረው ብቻውን መቅረቱን ጽፋ አዝናለታለች። ሀዘንን አሳምራ የምታውቀው ሴት ከሁሉ የከፋው የትኛው እንደሆነ ለይታዋለች፤ ወገን አጥቶ ማዘን ነው።

ልጅሽ ግን አንቺ አለሽላት፤ አንቺም እሷ አለችልሽ። እስካሁን ሁለታችሁ በተለያየ ክፍል ነው ያዘናችሁት። አንቺ ከሹራቡ ጋር፣ እሷ ከዝምታዋ ጋር። ትምህርት ቤቷ ስትሄጂ ኮትሽን ደርበሽ ሂጂ፤ ለዚህ ነገር አትጣሉ። ማታ ቤት ስትገቡ ግን አውሪያት። «አባትሽ ናፈቀኝ» ብለሽ ጀምሪ፤ መልስ አትጠብቂ። የምትወደውን የአባቷን ነገር ራሷ ትምረጥ፤ ሰዓቱም ሊሆን ይችላል፣ ስልኩ ላይ ያለ ድምፁም ሊሆን ይችላል። ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ካለሽ ወይም እሷ ትምህርቷን ከጣለች፣ ለቤተሰብ ሐኪማችሁ ተናገሪ። ሀዘን ለሐኪም አይነገርም የሚል ካለ አትስሚው።

ስለ ሹራቡም ልመልስልሽ። አታጥቢው፤ አትጣዪውም። ዘመድ «ይበቃል፣ አውጪው» ቢልሽ እሺ አትበይ። የምለምንሽ አንድ ነገር ብቻ ነው። አንድ ማታ ከቁም ሳጥኑ ስታወጪው በሩን አትዝጊው፤ ልጅሽን ጥሪያትና አብራችሁ አሽቱት።